ምላጩ ከፍ ሲል

በሰፈሩ ትክክለኛ ስሙን የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነው። ሁሉም «ሲኒማ» ይሉታል፤ ትንንሾቹ «ጋሽ ሲኒማ»። ሥራው ጸጉር አስተካካይነት ነው። ከዳቦ ቤቱና ከጫማ ማደሻው መካከል የተሸጎጠች፣ ሁለት ወንበርና አንድ ረጅም መስታወት ብቻ የምትይዝ ጸጉር ቤት ውስጥ ሸብቷል። ቅጽል ስሙን ያገኘው ሲኒማ ቤት ሠርቶ አይደለም። ወጣት ሳለ አንድ ፊልም አንድ ጊዜ አየ፤ ከዚያ ወዲህ ያንኑ ፊልም ለደንበኞቹ ሲያወራ ኖረ።

ማውራት የጀመረው ቸግሮት ነው። በተለማማጅነቱ ዘመን እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ደንበኛው ደግሞ በመስታወቱ ውስጥ ዓይኑን የሚተክለው እጁ ላይ ነው። ሥራውን ያስተማሩት ሽማግሌ፣ «አንድ ነገር አውራላቸው እንጂ፤ እንደ ቀባሪ ዝም ብለህ ትቆማለህ?» አሉት። የሚያወራው ሌላ ነገር ስላልነበረው ፊልሙን አወራ። ደንበኛው ሳቀ፤ ሲስቅ ከንፈሩ ተቆረጠ። «ወይ አታስቀኝ፣ ወይ አትላጨኝ!» ብሎ አፉን በፎጣ ይዞ ወጣ፤ ፎጣውንም አልመለሰም።

ሲኒማው ከዚያ ወዲያ ታሪኩን ከምላጩ ጋር አስማማው። ሳቅ የሚመጣበትን ቦታ ለይቶ አወቀ። ቦታው ሲደርስ ምላጩን ከቆዳው ያነሣና ከደንበኛው ጆሮ አጠገብ አየር ላይ ያቆመዋል፤ ቀልዱን ይናገራል፤ ሰውየው እስኪበቃው ይስቃል፤ ምላጩ ወደ ሥራው ይመለሳል። ዓመታት ሲያልፉ ነገሩ ተገለበጠ። የቆዩ ደንበኞች ምላጩ ከፍ ሲል፣ ቀልዱ ገና ሳይነገር መሳቅ ጀመሩ። አረፋውን በጨርቅ ሊጠርግ ሲያነሣው እንኳ የሚስቁ ነበሩ።

ፊልሙ፣ ሲኒማው እንደሚያወራው፣ የአንድ ዓይናፋር ዣንጥላ ሻጭ ታሪክ ነው። ዣንጥላ ልትገዛ የመጣች የዳኛ ልጅ ይወድዳል። ምሳ ተጋብዞ ሲሄድ ዣንጥላው በገበታው ሥር በራሱ ይከፈትና የዳኛው ሾርባ ዳኛው ላይ ይገለበጣል። ደንበኞቹ ከሁሉ የሚወዱት ግን የበሩን ነው። ዣንጥላ ሻጩ «ልጅዎን ይስጡኝ» ሊል ዳኛው ቤት ይሄዳል። በሩን ይነካና እጁን ይሰበስባል። ይሄዳል፤ ይመለሳል። የጫማውን ክር ፈትቶ ያስራል። በመጨረሻ ዞሮ፣ ጀርባውን ለበሩ ሰጥቶ፣ የኋሊት እየተራመደ ይገባል።

«ለምን የኋሊት?» ይላል ሲኒማው፤ ምላጩ ከፍ ይላል። «ሰው ከጠየቀው፣ እየወጣሁ ነው ሊል!»

ይህን ታሪክ ከማንም በላይ ደጋግመው የሰሙት አንድ ጡረታ የወጡ ሊፍት ጠጋኝ ናቸው። ሲኒማውን ከወጣትነታቸው ጀምሮ ያውቁታል፤ ከእሱ በቀር ፊታቸውን ያስነኩት ሰው የለም። የሥራ ዘመናቸውን ያሳለፉት በፎቆች ሆድ ውስጥ፣ ጨለማ ጉድጓድ ላይ በገመድ ተንጠልጥለው ነው። ስለ ፍርሃት ሲወራ «እኔ ታች አላይም፤ ብሎኑን ነው የማየው» ይላሉ። ባለፈው ዓመት ማብቂያ አንገታቸው ላይ እብጠት ወጣ። ጺማቸውን አሳድገው ሸፈኑት። እብጠቱም ከጺሙ ጋር አደገ።

ሐኪሙ በቀዶ ሕክምና ይውጣ አለ። ጠጋኙ ሁለት ጊዜ ቀጠሮ ይዘው ሁለቱንም አፈረሱ። አንዴ ሻንጣቸውን ይዘው በር ላይ ከደረሱ በኋላ «ምድጃውን ያጠፋሁት አልመሰለኝም» ብለው ተመለሱ። ሁለተኛው ቀን ራሴን አሞኛል አሉ። ሐኪሙ ልጃቸውን ለብቻዋ ጠርቶ፣ እብጠቱ የመተንፈሻ ቧንቧውን መግፋት መጀመሩን ነገራት። ሦስተኛውን ቀጠሮ ካሳለፉት አልጋው ለሌላ ይሰጣል፤ ተራቸው እስኪደርስ ድረስ ደግሞ እብጠቱ አይጠብቅም።

ልጅቱ መድኃኒት ቤት ነው የምትሠራው፤ ሕመምተኛ ማባበል ሥራዋ ነው። የገዛ አባቷን ግን አልቻለችም። ለምናም፣ ተቆጥታም፣ አኩርፋም ሞከረች። በመጨረሻ አባትየው አንድ ነገር ጠየቁ።

«ያንን የሲኒማን ፊልም በዓይኔ ልየው። የበሩን ቦታ ልየው። እሱን ካየሁ ሳላንገራግር ሆስፒታል እገባልሻለሁ።»

ልጅቱ ያልጠየቀችው ሰው የለም። አንድ የድሮ ካሴት ወደ ፍላሽ የሚገለብጥ ሰው ዘንድ ፊልሙ ተገኘ። ጸጉር ቤቱ ድረስ መጥታ «ጋሽ ሲኒማ፣ ፊልምዎን አገኘሁት!» ስትለው፣ ሲኒማው ደስ ሊለው ሲገባ ፊቱን አዙሮ ንጹሑን መስታወት መጥረግ ጀመረ። ፊልሙን ያየው አንድ ጊዜ ነው። ያወራው ግን ዕድሜውን ሙሉ ነው።

በቀጠሮው ቀን ከምሳ በኋላ ዕቃውን በቦርሳ ይዞ ጠጋኙ ቤት ሄደ። ሆስፒታሉ ጺማቸው ሙሉ በሙሉ ተላጭቶ እንዲመጡ አዝዞ ነበር፤ ጠጋኙም «ከሲኒማ ሌላ አንገቴን የሚነካ የለም» ብለዋል። ሳሎኑ ተዘጋጅቷል። ከመመገቢያ ክፍሉ የመጣ ወንበር ከቴሌቪዥኑ ፊት ቆሟል። በሩ ሥር ሻንጣ አለ፤ ከሻንጣው አጠገብ ልጅቱ የመኪና ቁልፍ በእጇ ይዛ እንደ ዘበኛ ተቀምጣለች።

«ና እስቲ ሲኒማ!» አሉ ጠጋኙ። ድምፃቸው ሻክሯል። «ዛሬ አፍህ ያርፋል፤ ፊልሙ ራሱ ያወራል።»

«እጄ ያለ አፌ መሥራት አያውቅም ጋሼ።»

«ይማራ! ጡረታ ሳትወጣ።»

ጺሙን በመቀስ አሳጠረው፤ አረፋ ቀባ፤ ምላጩን ሳለ። ልጅቱ ሪሞቱን ተጫነች።

የመጀመሪያው ነገር ሙዚቃ ነበር። ቫዮሊን፣ ብዙ ቫዮሊን። ሲኒማው ይህን ሙዚቃ አያስታውስም። ቀጥሎ ዣንጥላ ሻጩ ብቅ አለ፤ ትከሻው ሰፊ፣ ጥርሱ የሚያበራ፣ ሴት ባየ ቁጥር የሚጠቅስ ሰው። ጮክ ብሎ ይናገራል፤ ተናግሮም ለራሱ ይስቃል።

«ይሄ ነው እንዴ ዓይናፋሩ?» አሉ ጠጋኙ ከአረፋው ውስጥ።

«መጀመሪያ ላይ ነው» አለ ሲኒማው። ምን ማለቱ እንደሆነ ራሱም አላወቀም።

ቀኝ ጉንጫቸውን ጀመረ። የምሳው ትዕይንት ሲደርስ ምላጩን ከፍ አደረገ። ጠጋኙ ሳቁ። ሲኒማው ግን ልብ አለ፤ የሳቁት ዣንጥላው ሳይከፈት ነው። ዣንጥላው የተከፈተው ዘግይቶ ነው፤ ሾርባው የፈሰሰውም ዳኛው ላይ ሳይሆን አንዲት አሳላፊ ላይ ነው። የማይታዩ ሰዎች በቴሌቪዥኑ ውስጥ በአንድ ላይ ሳቁ፤ በአንድ ላይም ዝም አሉ። ልጅቱ አልሳቀችም። ዓይኗን ከማያው ወደ ሲኒማው ፊት መለሰች፤ ከዚያም አላነሣችውም።

በዚህ ነው የሳቅሁት? አለ ሲኒማው በልቡ። የዚያን ዕለት ሲኒማ ቤቱ ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር። ከኋላው የተቀመጠ የማያውቀው ሰው በሳቅ እየተንፈራፈረ ትከሻውን ይደበድበው ነበር። ውጭ ዝናብ ነበር፤ የሁሉም ልብስ ይተናል። እነዚህን አንድ በአንድ ያስታውሳል። በማያው ላይ የነበረውን ነገር ግን፣ አሁን ሲያየው፣ የሚያስታውሰው እምብዛም ነው።

ፊልሙ ቀጠለ። ታሪኩ ላይ ምንም ሥራ የሌላት አንዲት የታመመች ሕፃን መጣች፤ ዣንጥላ ሻጩ ቀይ ዣንጥላ ሰጣትና ዳነች። የዳኛው ልጅ አለቀሰች። ካሜራው ወደ ፊቷ በቀረበ ቁጥር ሙዚቃው ከእሷ ቀድሞ ያለቅሳል። የማይታዩት ሰዎች ደግሞ ምንም በማያስቅ ቦታ ይስቃሉ።

ሲኒማው ምላጩን ወደ አንገት አወረደ። እብጠቱ ላይ ቆዳው እንደ ፊኛ ተወጥሯል፤ ከሥሩ የደም ሥር ሲመታ ይታያል። እዚህ ቦታ ላይ ሰው መሳቅ የለበትም። መሳልም፣ መዋጥም የለበትም። ሲኒማው በታሪኩ ውስጥ ሳቁ የት እንደሚመጣ ያውቅ ነበር፤ ይህ ፊልም ግን የእሱ ታሪክ አይደለም። ሳቁ ከየት ብቅ እንደሚል አያውቅም። ጆሮውን ለቴሌቪዥኑ፣ ዓይኑን ለቆዳው ሰጥቶ ትንፋሹን ያዘ። በወጣትነቱ የተወው መንቀጥቀጥ ከክርኑ ተነሥቶ ወደ ጣቱ ሲወርድ ተሰማው።

በቴሌቪዥኑ ውስጥ አንድ ውሻ የዳኛውን ጫማ ይዞ ሮጠ። ጠጋኙ ድንገት በአፍንጫቸው «ፉፍ!» አሉ፤ አገጫቸው ዘለለ። ሲኒማው ምላጩን በቅጽበት አነሣው። ከመንጋጋቸው ሥር አንዲት ቀይ ነጥብ በአረፋው ላይ ወጣች፤ ተስፋፋች።

ልጅቱ ከተቀመጠችበት ብድግ አለች። «ጋሽ ሲኒማ!»

«ምንም አይደል፤ ጫፉን ነው። እብጠቱን አልነካሁትም።» በፎጣ ተጭኖ ያዘው።

ጠጋኙ እጃቸውን አንሥተው የሲኒማውን አንጓ ያዙ። «አቁም። መጀመሪያ በሩን ልይ።»

«አባዬ፣ ሰዓቱ እየሄደ ነው፤ ይጨርስና…»

«በሩን ልይ አልኩ።»

ሲኒማው መላጨቱን አቆመ። የፊታቸው ቀኝ ተላጭቶ ነጭ ሆኗል፤ ግራው ጺምና አረፋ ነው። በዚህ ገጽታ ወደ ማያው ተጠግተው ተቀመጡ። አረፋው እየደረቀ ይሰነጣጠቃል። ሲኒማው ከኋላቸው ምላጩን ይዞ ቆሞ በሩን ጠበቀ። የዳኛው ቤት በታየ ቁጥር አንገቱን ያሰግግ ነበር። ቤቱ በር ነበረው፤ ትልቅ፣ ነጭ በር። ዣንጥላ ሻጩ ግን ወደዚያ በር አልሄደም። ሱቁ ቁጭ ብሎ ሳለ የማያውቀው አጎት ሞቶ ሀብት አወረሰው። ከዚያ ዳኛው ራሳቸው አበባ ይዘው በመኪና መጡና ልጃቸውን እዚያው ሱቅ ውስጥ ዳሩለት። ሰውየው አንድም በር ሳይገፋ ሁሉም ነገር ያለበት ድረስ መጣለት። ዝናብ ጣለ፤ ሁሉም ዣንጥላ ዘረጉ፤ ቫዮሊኑ ተነሣ፤ አለቀ።

ስሞች ከታች ወደ ላይ መውጣት ጀመሩ።

«በሩስ?» አሉ ጠጋኙ።

ሲኒማው ምላጩን በጨርቅ ጠረገ። ልጅቱ ፈጠን አለች፤ «ቅጂው ያረጀ ነው አባዬ። ሰውየውም ነግሮኛል፤ አንዳንድ ቦታ ተቆርጧል።» ይህን ስትል ሲኒማውን በዓይኗ ለመነችው።

ጠጋኙ ረጅም ትንፋሽ አወጡ። ፊታቸው ላይ የታየው ኀዘን አልነበረም፤ እፎይታ ነበር። «እንግዲያው ሙሉውን ፈልጊልኝ» አሉ። «ያልተቆረጠውን። እሱን እንዳየሁ እንሄዳለን። ቃሌ ቃል ነው።» ፎጣውን ከአንገታቸው መፍታት ጀመሩ።

ልጅቱ ቁልፉን ጨብጣ ቀረች።

«አልተቆረጠም» አለ ሲኒማው።

ጠጋኙ ዞሩ።

«አልተቆረጠም ጋሼ። ሙሉው ይኸው ነው። ሌላ የለም።»

«በሩስ ታዲያ?»

«በሩን እኔ ነኝ የጨመርኩት።»

«አንተ?» ጠጋኙ የግማሽ ጺማቸውን ጫፍ ያዙ። «ከየት አምጥተህ?»

ሲኒማው ምላጩን አጥፎ ጠረጴዛው ላይ አኖረ። «የሠርግዎ ዕለት ጠዋት ትዝ ይልዎታል? እኔ ገና ተለማማጅ ነበርኩ። ወደ መስታወቱ ዞሬ ወንበር እጠርጋለሁ። በመስታወቱ ውስጥ በሩ ይታየኛል። አንድ አዲስ ኮት የለበሰ ሰው መጥቶ በሩን ነካ፤ ተወው። እስከ ዳቦ ቤቱ ሄደ፤ ተመለሰ። ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር ፈትቶ አሰረ። ከዚያ የኋሊት ገባ።»

ልጅቱ አባቷን አየች። አባትየው ቴሌቪዥኑን አዩ፤ ጠፍቷል።

«አየኸኝ?» አሉ በመጨረሻ።

«አየሁዎት።»

«ማንም አላየኝም ብዬ ነው የኖርኩት።» ድምፃቸው ከፍ አለ፤ እብጠቱ ድምፃቸውን አፈነው። «እና ይህን ሁሉ ዘመን ወንበርህ ላይ አስቀምጠህ በራሴ ላይ ስታስቀኝ ኖርክ? ሰፈሩን ሁሉ ስታስቅብኝ? አንተ ሌባ!»

«መጀመሪያ ያወራሁት ለሌላ ሰው ነው። ፊልሙ አልቆብኝ፣ ጺሙ ግን አላለቀም ነበር። የእርስዎን ጨመርኩበት፤ ሳቀ። ለእርስዎ ሳወራው ፈርቼ ነበር፤ ይነቁብኛል ብዬ። እርስዎ ደግሞ ከሁሉም በላይ ሳቁ። ከዚያ በኋላ፣ እውነት ነው የምልዎ ጋሼ፣ እኔም ፊልሙ ላይ ያየሁት መሰለኝ። የተለየልኝ ዛሬ ነው። ሰውየው ሱቁ ቁጭ እንዳለ ሲያልቅ።»

ልጅቱ ከወንበሩ አጠገብ መጥታ ቆመች።

«እማዬ ታውቅ ነበር?»

«እናትሽ?» ጠጋኙ የደረቀውን አረፋ በጣታቸው ፈቀፈቁ። «ለምን ዘገየህ አለችኝ። ሊፍት ሰው ይዞ ቆሞ፣ እሱን ሳወርድ ነው አልኳት።»

«በሠርግህ ቀን?»

«አመነችኝ።»

«አላመነችህም አባዬ።»

ጠጋኙ ወደ ሲኒማው ዞሩ። «ደግሞ አበላሽተኸዋል። እየወጣሁ ነው ልል አይደለም የኋሊት የገባሁት። ያንተ ዣንጥላ ሻጭ ብልጥ ነው። እኔ ብልጥ አልነበርኩም።»

«ታዲያ?»

«ልሄድ ነበር። እግሬ አውጪኝ ልል። ጀርባዬን ሰጥቼ ትንፋሽ ልሰብስብ ብዬ በሩን ተደገፍኩት። ተከፈተ።» ትከሻቸውን ነቀነቁ። «ወደቅሁ ማለት ይቻላል። ከገባሁ በኋላ ምን ላድርግ? ተላጨሁ። ተላጭቶ ደግሞ ወዴት ይኬዳል? ሄድኩና አገባሁ።»

ልጅቱ እጇን አፏ ላይ አደረገች። ሲኒማው አልሳቀም፤ ያልተላጨውን ግማሽ ጺም እያየ ጠበቀ። ውጭ አንድ መኪና ጡሩምባ ነፍቶ አለፈ። ጠጋኙ ሻንጣቸውን አዩ፤ በሩን አዩ፤ ከዚያ እጃቸውን ወደ አንገታቸው ሰደዱ። ጣታቸው ከተላጨው ቆዳ ወደ ጺሙ ሲሻገር መሐል ላይ ቆመ።

«እንዲህ ሆኖ ሰው ፊት አይወጣም» አሉ። ፎጣውን መልሰው ቋጠሩት። «ጨርስ። አፍህን ግን ዝጋ።»

ሲኒማው አዲስ አረፋ መታ። ምንም ሳያወራ ላጨ። እጁ ከጊዜ ወደ ጊዜ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ሲንቀጠቀጥ ምላጩን አንሥቶ እስኪያልፍለት ጠበቀ። ምላጩ በተነሣ ቁጥር የጠጋኙ ከንፈር ጫፍ ይንቀሳቀስና ይመለስ ነበር። እብጠቱ ከጺሙ ወጥቶ እርቃኑን ሲታይ ልጅቱ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች፤ እንዲህ ማደጉን አላወቀችም ነበር። የመጨረሻውን ጫፍ ከእብጠቱ ሥር አንሥቶ ሲኒማው ፎጣውን ከአንገታቸው ፈታ።

ሆስፒታሉ ሲደርሱ ሲኒማው ሻንጣውን ያዘ። መግቢያው ላይ ሁለት ክንፍ ያለው የመስታወት በር አለ። ጠጋኙ ከመኪናው ወርደው በእግራቸው እስከ ደረጃው ሄዱ። ደረጃው ላይ ቆሙ። ልጅቱ ክንዳቸውን ይዛ ነበር፤ ክንዱ ሲደርቅ ተሰማት። ሲኒማውም ከኋላ ሆኖ አየው። ሁለቱም ይህን አቋቋም ያውቁታል፤ ቀጥሎ የሚመጣው ስለ ምድጃ ነው።

አንድ ነጭ ጋዋን የለበሰ ሠራተኛ ተሽከርካሪ ወንበር እየገፋ መጣ። «አባት፣ ይቀመጡ፤ እኔ አስገባዎታለሁ።»

ጠጋኙ ወንበሩን አዩ። ተቀመጡ። እግራቸውን ማሳረፊያው ላይ ካደረጉ በኋላ እጃቸውን አነሡ።

«ልጄ፣ አዙረኝ።»

«ወዴት?»

«ፊቴን ወደ መንገዱ። የኋሊት ጎትተህ አስገባኝ።»

ሠራተኛው ልጅቱን አየ፤ ልጅቱ ራሷን ነቀነቀች። ወንበሩ ዞረ። አሁን ጠጋኙ ፊት ለፊት የሚያዩት መንገዱን፣ መኪናውንና ሻንጣ ይዞ የቆመውን ሲኒማ ነበር።

«ለምንድን ነው ግን አባት?» አለ ሠራተኛው እየጎተተ።

የሲኒማው ቀኝ እጅ ባዶ ነበር። ሳያዝዘው ተነሣ፤ ከጆሮው አጠገብ፣ አየር ላይ ቆመ። ጠጋኙ እጁን አዩት። መልሱን ሳይናገሩ፣ በሩ ከኋላቸው ሲከፈት፣ ቀድመው ሳቁ።